ጠያቂው ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል? የአውሮፓ ፊልምና ስደተኛው

በግንቦት 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» በሚባለው ዘርፍ የወንድ ተዋናይ ሽልማት የተሰጠው ለአንድ መካኒክ ነበር። አቡ ሳንጋሬ ይባላል። የጊኒ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ጭብጨባ ሲጨበጨብለት የፈረንሳይ መኖሪያ ፈቃድ አልነበረውም። ደጋግሞ አመልክቶ ተከልክሏል። አገር ለቀህ ውጣ የሚል ትእዛዝም ደርሶታል። የአንድ ዓመት ፈቃድ በእጁ የገባው በጥር 2025 ነው። በቀጣዩ ወር መጨረሻ ደግሞ ሴዛርን፣ ማለትም የፈረንሳይን ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ ተቀበለ።

ብዙ ሰው ከዚህ ዜና የያዘው የቢሮክራሲውን ጉድ ነው። እኔን የያዘኝ ፊልሙ ነው። ከአሥር ዓመት ወዲህ የአውሮፓ ሲኒማ ስደተኛውን ዋና ርእሱ አድርጎታል። በርሊን፣ ቬኒስ፣ ካን፣ ሁሉም ጋ ስለ ስደት የተሠራ ፊልም ሽልማት ይዞ ወጥቷል። ታዲያ እነዚህ ፊልሞች እንዴት ናቸው? ወንድሙ፣ እህቱ ወይም የጎረቤቱ ልጅ በሊቢያ በኩል ለወጣበት ተመልካች ምን ያደርሱለታል?

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኞቹ የተሠሩት ከጠያቂው ወንበር ነው። ስደተኛው ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ያለቅሳል። እኛም ከጠያቂው ጎን ተቀምጠን እናዝንለታለን። ጥሩ ጥሩዎቹ ፊልሞች ይህ ወንበር እንዳለ ያውቃሉ። ከሁሉ የሚልቁት ግን ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት የለቀቁት ናቸው። እንዲህ ዓይነቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ከመካከላቸው የኢትዮጵያዊ እጅ ያለበትም አለ።

ከሳንጋሬ ፊልም ልጀምር። «የሱሌይማን ታሪክ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ቦሪስ ሎዥኪን ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የሚሸፍነው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሱሌይማን ፓሪስ ውስጥ በብስክሌት ምግብ ያደርሳል። ከሁለት ቀን በኋላ የጥገኝነት ኢንተርቪው አለበት። ወረቀት የለውምና በራሱ ስም የምግብ ማድረሻው አፕ ላይ አካውንት መክፈት አይችልም። ስለዚህ አማኑኤል ከሚባል ሰው አካውንት ይከራያል። አማኑኤል ቤቱ ቁጭ ብሎ ድርሻውን ይወስዳል።

አንድ ትእይንት ልንገራችሁ። አፑ በየመሀሉ ሠራተኛው ፊቱን እንዲያሳይ ይጠይቃል። መታየት ያለበት ግን የአማኑኤል ፊት ነው። ሱሌይማን ሥራውን ትቶ፣ በመኪናው መሀል እየተሹለከለከ፣ አማኑኤልን ፍለጋ ይጋልባል። አግኝቶት ስልኩን ፊቱ ላይ ይደግናል። ስልኩ እሺ ይላል። ሱሌይማን ተመልሶ ይጋልባል። አለቀ። ስለ ጉልበት ብዝበዛ ማንም አንዲት ቃል አይናገርም። ግን ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚበላ፣ ሕጉ የማንን ፊት እንደሚያውቅ ሁሉም እዚያች አጭር ትእይንት ውስጥ አለ። በዚህ ርእስ ላይ ስንት ሰዓት የሚፈጅ ክርክር ሰምተናል! ይህን ያህል የጠራ ነገር ግን አላገኘሁም።

ፊልሙ ሙዚቃ የለውም። የሚሰማው የመኪና ጡሩምባና የስልክ ጥሪ ነው። ሱሌይማን ማልዶ ተነስቶ 115 ደውሎ የማታ አልጋ ማስያዝ አለበት። ማታ ወደ መጠለያው የሚወስደው አውቶቡስ ሰዓት አለው። ካመለጠው ጎዳና ነው የሚያድረው። ምግብ ይዞ ሲጋልብ መኪና ይገጨዋል። ደንበኛዋ ከረጢቱ ተበላሽቷል ብላ አልቀበልም ትላለች። እሱ ስለ ቁስሉ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ የሚያሳስበው አካውንቱ እንዳይዘጋ ነው። ከአገር ቤት ደግሞ የሚወዳት ልጅ ትደውላለች። ሌላ ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል። እሱ ምን ሊላት ይችላል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ኬዙ አለ። ባሪ የሚባል የአገሩ ሰው ኬዝ ይሸጥለታል። የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነበርኩ፣ ታሰርኩ የሚል ታሪክ ነው። ሱሌይማን ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ያጠናዋል። ቀኖቹ ይምታቱበታል። ባሪ ይቆጣዋል። ገንዘቡ ሳይከፈል ሰነዱን አይሰጥም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪው ተመልካች ከፓሪሱ ተመልካች ይቀድማል። ኬዝ ማስጻፍ፣ ኬዝ ማጥናት፣ ኢንተርቪው ላይ ቀን መሳት፣ ነጋቲቭ (የውድቅ መልስ) መቀበል በፍራንክፈርትም በስቶክሆልምም ወገኖቻችን በየቡናው የሚያወሩት ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ፊልም ሠሪዎች ግን ለብዙ ዘመን ይህን ለማሳየት ፈርተዋል። ስደተኛ ሲዋሽ ብናሳይ ጠላቶቹን እናስታጥቃለን ብለው ነው መሰለኝ። ስለዚህ ንጹሕ፣ ትሑት፣ ሁሌ ተበዳይ የሆነ ስደተኛ ሠሩልን። እንዲህ ዓይነት ሰው ያዝኑለታል እንጂ አያምኑትም። ሎዥኪን ሱሌይማንን ሲያዋሸው አከበረው። ውሸቱ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ ማን እንዳተረፈበት አሳየን።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ፊልሙ የሚያልቀው በኢንተርቪው ነው። ኦፍፕራ በሚባለው የፈረንሳይ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ትጠይቀዋለች። ያጠናው ኬዝ ይፈርሳል። ከዚያ እውነቱን ይናገራል። እናቱ ታማለች፣ ገንዘብ ፍለጋ ወጣ፣ በመንገድ ላይ የደረሰበት ደረሰ። ሳንጋሬ እዚህ ላይ ከገዛ ሕይወቱ ነው የሚናገረው፤ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ሎዥኪን ውሳኔውንም አያሳየንም። ልክ ነው። የእናት ሕመም በ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ጥገኝነት ከሚያሰጡት ምክንያቶች አንዱ አይደለም። እውነቱ ከውሸቱ ያነሰ ዋጋ እንዳለው ፊልሙ ሳይሰብክ ይነግረናል።

ቅሬታዬ ስለ መቀመጫው ነው። ከሰዓት በላይ ከሱሌይማን ብስክሌት ኋላ ነበርን። ለእንባው ሰዓት ግን ጠረጴዛው ጋ ቀረብን። የፊልሙ ትልቁ ስሜት የሚመጣው ስደተኛው ለመንግሥት ሠራተኛ ሲናዘዝ ነው። ለምን ለጓደኛው አልነገረም? ለምን በስልክ ለዚያች ልጅ አልነገራትም? ሎዥኪን በዚህ ሁሉ ጥንቃቄው እንኳ ከዚያ ወንበር አላመለጠም። ቢሆንም ከቅርብ ዓመታት የአውሮፓ ልብ ወለድ ፊልሞች ስለ ስደት የትኛው ይታይ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው።

የዳርዴን ወንድማማቾች፣ ዣን ፒየርና ሉክ፣ በተቃራኒው በኢንተርቪው ነው የጀመሩት። «ቶሪ እና ሎኪታ» የ2022 ፊልማቸው ነው፤ በካን የ75ኛ ዓመት ልዩ ሽልማት አግኝቷል። የመጀመሪያው ምስል የሎኪታ ፊት ነው። ጠያቂዋ አትታይም፣ ድምጿ ብቻ ይሰማል። ቶሪ ወንድምሽ መሆኑን እንዴት አወቅሽ? ሎኪታ ትዋሻለች። ካሜራው ከፊቷ ፈቀቅ አይልም። ላብ፣ ዝምታ፣ ከዚያ መተንፈስ ያቅታታል። ይህ ጅማሬ ግሩም ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም የገንዘብ ጉዳይ እውነተኛ ነው። ወደ አገሯ ለእናቷ መላክ አለባት፣ ያሻገሯት ደላሎችም ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥተው ዕዳቸውን ይቀበሏታል። እናት በስልክ ገንዘቡ የታለ ስትል ልጅቷ የምትገባበት ጭንቅ የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ጭንቅ ነው።

መጨረሻው ግን አበላሸው። ዳርዴኖች ቤልጂየም ላይ ስለተናደዱ ሎኪታን ገደሏት። ሞቷ ለክሱ ማስረጃ እንዲሆን የቀረበ ይመስላል። እነዚህ ሰዎች በ1996 «ቃል ኪዳኑ» በተባለው ፊልማቸው የቡርኪና ፋሶውን ሠራተኛ ሞት መሀል ላይ አስቀምጠው አንድ የቤልጂየም ልጅ እውነቱን እስኪናገር ድረስ አፋጥጠውት ነበር። ያኔ ጥያቄው ወደ ራሳቸው ሰው ዞሮ ነበር። አሁን ጠያቂው ከምስሉ ወጥቶ ቀርቷል።

ለምን ኢንተርቪው እንዲህ በዛ? አንዱ ምክንያት ገንዘቡ ይመስለኛል። በአውሮፓ እንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። በፈረንሳይ ሴኤንሴ የሚባለው ብሔራዊ የሲኒማ ማእከል አለ። በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር ያለው ዩሪማዥ አለ፤ እሱ ከብዙ አገር ለሚሠሩ ፊልሞች ገንዘብ ይሰጣል። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ይገቡበታል። ይህ ሥርዓት ባይኖር ከላይ ካነሳኋቸው ፊልሞች ብዙዎቹ አይኖሩም ነበር፤ ስለዚህ አልወቅሰውም። ግን አሠራሩን አስቡት። ስክሪፕቱ ለኮሚቴ ይቀርባል። ታሪኩ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ተጽፎ መገለጽ አለበት። ኮሚቴው የሚያውቀው ዓይነት ችግር ቶሎ ይገባዋል፣ የማያውቀው ዓይነት ደስታ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ስለ ጥገኝነት ጠያቂ የሚሠራው ፊልም ራሱ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ታሪኩን አሳምኖ ነው የተወለደው። በእኛም በኩል ያው ነው። በ2015 በካን ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የኢትዮጵያ ፊልም፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የኖርዌይ ተባባሪ ፕሮዳክሽን ነበረው።

ወደ ጣልያን ልሻገር። ማቴዮ ጋሮኔ በ2023 «ኢዮ ካፒታኖ»ን፣ «ካፒቴኑ እኔ ነኝ»ን፣ ሠራ። በቬኒስ ለዳይሬክተር የሚሰጠውን የብር አንበሳ ወሰደ። ዋናው ወጣት ሴይዱ ሳርም ለአዲስ ተዋናይ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ሴይዱና ሙሳ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፣ ከዳካር ይነሳሉ። የሚናገሩት ወሎፍ ነው። ጋሮኔ አንድ ነገር በጣም ገብቶታል። ልጆቹ አልተራቡም። ሙዚቃ ይሠራሉ፣ ታዋቂ መሆን ይፈልጋሉ። እናቱ ስትቆጣው እናትነቷ ነው የሚታየው። ስደት ሁሉ ከረሃብና ከጦርነት ብቻ ይጀምራል ብሎ ለሚያስብ አውሮፓዊ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ግን ደስ ይላል።

በረሃው ላይ አንዲት ሴት ትወድቃለች። ሾፌሩ አይቆምም። ሴይዱ ሊረዳት ይሞክራል፣ አልሆነም። ከዚያ በሐሳቡ ሴትየዋ አየር ላይ ተንሳፋ፣ እጇን ይዞ ይሄዳል። አንዳንድ ተቺ ይህን ሰቆቃን ማስዋብ ነው ብሎታል። አልስማማም። የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ አእምሮው ያን ሬሳ እንዲያ ካላደረገው ሊራመድ አይችልም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሊቢያ ውስጥ ያለው ማሠቃያ ከተነገረን አንጻር የተለሳለሰ ነው። በሚያዝያ 2015 ሊቢያ ውስጥ በተገደሉት ወጣቶች አገር ለሚኖር ሰው ያ ምድር በስክሪን ላይ ሲመጣ ገና ከመነሻው ሆድ ይረብሻል። ጋሮኔ ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል።

መጨረሻውን ግን አከብረዋለሁ፣ እከራከረዋለሁም። መርከብ ነድቶ የማያውቀው ልጅ ጀልባውን እንዲነዳ ይገደዳል። ሁሉንም በሕይወት ያደርሳል። ሄሊኮፕተር ሲመጣ «ካፒቴኑ እኔ ነኝ!» እያለ ይጮኻል። ፊልሙ እዚያ ያልቃል። ጣልያን ግን ከዚያ በኋላ ነው የምትጀምረው። በጣልያን ሕግ ስደተኛ የጫነ ጀልባ የነዳ ሰው ወንጀለኛ ነው። በየካቲት 2023 በደቡብ ጣልያን ኩትሮ አጠገብ የስደተኞች ጀልባ ተሰብሮ ከዘጠና በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ፣ በጉዞው ሰው ከሞተ ቅጣቱ እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። የዚያ ልጅ ጩኸት በፍርድ ቤት ቋንቋ የእምነት ቃል ነው። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ደረቱ ይታፈናል። የማያውቅ ተመልካች ግን ተደስቶ ይወጣል። ጋሮኔ አንድ ደቂቃ ቢጨምር ኖሮ ማንም ተደስቶ አይወጣም ነበር።

አሁን ወደ ጣልያኗ ደሴት ላምፔዱዛ። በጥቅምት 3፣ 2013 ከዚያች ደሴት ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጀልባ ሰጠመች። 368 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃንፍራንኮ ሮሲ ስለ ደሴቷ በሠራው «ፉኦኮአማሬ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም የበርሊንን ወርቃማ ድብ ወሰደ። ሮሲ የተወለደው አስመራ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ፊልሙ ያማረ ነው። ሳሙኤሌ የሚባል ልጅ አለ። ወንጭፍ ይሠራል። አንድ ዓይኑ ሰነፍ ነው፣ ሐኪም ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ሰነፉን እንዲያሠራ ያዘዋል። ብዙ ተቺ ይህን አውሮፓ በአንድ ዓይን እንደምታይ ማመልከቻ አድርጎ ነው ያየው። ፒየትሮ ባርቶሎ የሚባለው ሐኪም ሬሳ ስለ መመርመር ሲናገር ልብ ይሰበራል። በባሕር ጠባቂው ሬዲዮ አንዲት ሴት በእግዚአብሔር ስም አድኑን ትላለች። የሚመለስላት ጥያቄ ነው፤ ያላችሁበት ቦታ የት ነው? ይኸው፣ እዚህም ጠያቂ አለ።

ሳሙኤሌ ስም አለው፣ አያት አለችው፣ እራት ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ስደተኞቹ ግን በወርቃማ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ያልፋሉ። ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ናይጄሪያዊ የመጡበትን መንገድ እንደ መዝሙር እያዜመ የሚናገርበት ቦታ አለ። የፊልሙ ከፍተኛው ቦታ እሱ ነው። ግን እሱንም ስሙን ሳናውቅ እንለየዋለን። ሮሲ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፣ ደሴቷ የምታያቸው እንዲያ ነውና። ይገባኛል። ሆኖም ሽልማቱን የወሰደው የደሴቷ ዓይን ነው።

ከሮሲ ስምንት ዓመት ቀድሞ ግን ሌላ ፊልም ነበር። በ2008 የወጣው «እንደ ሰው በምድር ላይ» ነው። የሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አንድሪያ ሴግሬ፣ ሪካርዶ ቢያዴኔ እና ዳግማዊ ይመር። ዳግማዊ አዲስ አበባ ሕግ ይማር የነበረ ልጅ ነው። በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወጥቶ በ2006 ላምፔዱዛ ደረሰ። ሮም ውስጥ አሲኒታስ በሚባል የጣልያንኛ ትምህርት ቤት እየተማረ ካሜራ ያዘ። ፊልሙ ውስጥ የሚናገሩት እንደሱ በዚያ መንገድ የመጡ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሊቢያ ፖሊስ እንዴት እንደያዛቸው፣ በኮንቴይነር ተጭነው በበረሃ ደቡብ ሊቢያ ወዳለችው ኩፍራ እንዴት እንደተወሰዱ፣ ፖሊሱ ራሱ እንዴት መልሶ ለደላላ እንደሸጣቸው ይናገራሉ።

ልዩነቱን ለማየት ፊቶቹን ተመልከቱ። የሚናገሩት ለቢሮ ሠራተኛ አይደለም። መንገዱን አብሮ ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ አይማጸኑም። ቀን ስለ መሳት አይፈሩም። የሚያሳምኑት ሰው የለም። አማርኛው ራሱ ይለያል፤ ኬዝ ላይ የሚነገር አማርኛ አይደለም፣ ሰው ከሰው ጋር ሲቀመጥ የሚናገረው ነው። ከዚያ ንግግር ደግሞ ክስ ይወጣል፣ የጠራ ክስ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ነሐሴ ላይ ቤርሉስኮኒና ጋዳፊ ቤንጋዚ ውስጥ የወዳጅነት ስምምነት ፈርመዋል። ጣልያን በ20 ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ልትከፍል፣ ሊቢያም ስደተኛን ልትገታ። ኮንቴይነሩ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ እነዚያ ልጆች መልስ ነበራቸው።

በ2011 ዳግማዊ ካሜራውን ይዞ ወደ ላምፔዱዛ ተመለሰ። «ባሕሩ ብቻ» በተባለው ፊልም የደሴቷን ሰዎች እሱ ይጠይቃቸዋል። ምን ትሠራላችሁ? ልጆቻችሁ የት ይማራሉ? ሐኪም አላችሁ? እንደ እንግዳ መጥቶ በአክብሮት ይጠይቃል፣ እነሱም ይመልሱለታል። የአውሮፓ ሲኒማ በዚህ ርእስ ላይ ከሠራው ሁሉ በጣም ደፋሩ ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጥቅምቱ አደጋ በኋላ ደግሞ «አስማት» የተባለውን አጭር ፊልም ሠራ። የሟቾቹ ስም ይጠራል። የስሞቹ ትርጉምም ይነገራል። ለጣልያናዊ ተመልካች ረጅምና እንግዳ የስም ዝርዝር ነው። ለእኛ ግን እያንዳንዱ ስም ሲጠራ የሰፈር ልጅ ይመጣል፣ የክፍል ጓደኛ ይመጣል። ሮሲ በምስል ያልሰጣቸውን ነገር ዳግማዊ በድምፅ ሰጣቸው።

እነዚህ ፊልሞች በአነስተኛ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ምስላቸው የሮሲን ያህል አይስብም። ግን ስለ አውሮፓ ሲኒማና ስደት ሲጻፍ ከግርጌ እንኳ ሳይነሱ ሲታለፉ ያናድደኛል።

ፖላንዳዊቷን ዳይሬክተር አግኒየሽካ ሆላንድን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። «አረንጓዴው ድንበር» በ2023 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። በ2021 በፖላንድና በቤላሩስ መካከል ባለው ጫካ ስደተኞች ከወዲያ ወዲህ ሲወረወሩ የሆነውን ያሳያል። የፖላንድ መንግሥት በዚያን ጊዜ አካባቢውን ዘግቶ ነበር። ጋዜጠኛም እርዳታ ሰጪም አይገባም። ሆላንድ ካሜራ የተከለከለበትን ቦታ በተዋናይ መልሳ ሠራችው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ዝቢግኒየቭ ዞብሮ ከናዚ ፕሮፓጋንዳ ጋር አወዳደረው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ከፊልሙ በፊት የመንግሥትን አቋም የሚያሳይ ማስታወቂያ እንዲታይ ጠየቀ።

ፊልሙ ይረዝማል፣ አንዳንዴም ስሜቱን በኃይል ይገፋዋል። ግን ሆላንድ አንድ ትክክለኛ ነገር አድርጋለች። ድንበር ጠባቂውን፣ ጎረቤቱን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋን፣ የራሷን ሕዝብ፣ ሁሉንም ጠየቀች። መጨረሻው ላይ ጊዜው 2022 ይሆናል። ያው ጠባቂ ከዩክሬን የመጡትን ሰዎች ዕቃ ተሸክሞ ያሳልፋቸዋል።  የዩክሬን ጦርነት በተነሳ ሰሞን አፍሪካውያን ተማሪዎች በዚያ ድንበር ምን እንደገጠማቸው ለሚያስታውስ ሰው ይህ ክፍል ብቻውን ፊልም ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው አዲሱ የፍልሰትና የጥገኝነት ስምምነት ከሰኔ 2026 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ነው የተወሰነው። ማመልከቻቸው ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ከማያገኝ አገሮች የሚመጡ ሰዎች ጉዳያቸው ድንበር ላይ በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይፈለጋል። ኢንተርቪው ከከተማ ቢሮ ወደ ድንበር ጣቢያ ይሄዳል ማለት ነው። ፖላንድ እንዳሳየችን እንዲህ ያለ ቦታ ካሜራ አይወድም። የሆላንድ መንገድ ብዙ ተከታይ ያስፈልገዋል።

ፊንላንዳዊው አኪ ካውሪስማኪ በ2017 በሠራው ፊልም አንድ የሶሪያ ልጅ ኢንተርቪው ይደረጋል። መልሱ ይመጣል፣ አሌፖ ሰላም ነው፣ ተመለስ። ማታ ቴሌቪዥኑ አሌፖ ስትፈርስ ያሳያል። ካውሪስማኪ አያለቅስም፣ አያስለቅስም። ሰው ለሰው ሲራራ በአጭሩ አሳይቶ ያልፋል። እወደዋለሁ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ማቲ ዲዮፕ ግን ጉዳዩን ገለበጠችው። ፓሪስ የተወለደች፣ አባቷ ሴኔጋላዊ የሆነ ዳይሬክተር ናት። በ2019 «አትላንቲክ» በካን ግራንድ ፕሪ አገኘ። ዳካር ውስጥ ረጅም ሕንፃ የሚሠሩ ወጣቶች ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል ይቀራል። በጀልባ ወደ ስፔን ይወጣሉ፣ ይሰጥማሉ። ከዚያ መንፈሳቸው በሰፈሩ ሴቶች ላይ ያድራል። ማታ ማታ ሴቶቹ ወደ ባለሀብቱ ቤት ሄደው የሟቾቹን ደመወዝ ይጠይቃሉ። ጠያቂው እዚህ ማን እንደሆነ አያችሁ? የሞተው ሠራተኛ ነው። የሚጠይቀውም ወረቀት አይደለም፣ የሠራበትን ነው። ዛር ሲወርድ ያየ የእኛ ተመልካች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ፊልሙ መሀሉ ላይ ትንሽ ይዝላል፣ ፖሊሱ ያለበት ታሪክም አልጣመኝም። ሐሳቡ ግን በዚህ ርእስ ላይ ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በዚህ ወሬ ውስጥ ቦታ አለው፣ ምንም እንኳ ማንም የአውሮፓ ፊልም ባይለውም። ከጀርመን ጋር በትብብር ተሠርቶ በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር ጀርመን የሄደው ሕክምና ሊማር ነው፣ ከዚያም ወደ አገሩ ይመለሳል። በኋላ ደግሞ ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው አካሉን ያጎድሉታል። እዚያ ፊልም ውስጥ ስለ ጀርመን የሚያስበው፣ የሚመዝነው፣ የሚፈርደው ኢትዮጵያዊ ነው። የ2008 ዓመት ጤዛንም የእነ ዳግማዊን ፊልምም ማውጣቱ ይገርመኛል። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል የተሄደው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣልያን የባህል ተቋም አሉ። የአውሮፓ ፊልም ሲያሳዩ ብዙ ወጣት ይሄዳል። አንድ ጥያቄ አለኝ ለእነሱ። የሱሌይማንን ፊልም አሳዩ፣ የጋሮኔንም አሳዩ። ከዚያ በዚያው ሳምንት «እንደ ሰው በምድር ላይ»ን በዚያው አዳራሽ አሳዩት፣ ዳግማዊንም ጋብዙት። ሊቢያን አይተው የተመለሱ ልጆች በየክፍለ ከተማው አሉ። ከፊልሙ በኋላ ማይኩ መጀመሪያ ለእነሱ ይሰጥ።